ለአሥራ ሁለት ቁጥር ይግባልኝ

ሰኞ 2

ይኼ ደብተር የደንበኞቼን ልኬት የምይዝበት ነው። ከፊት በኩል የሰው መስኮት ቁመትና ስፋት አለ፤ ከኋላ ጀምሬ የራሴን ጉድ እጽፍበታለሁ። አዲስ ደብተር አልገዛም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አዲስ ነገር የሚባል አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ዓይኑን መረመረውና "አባቴ፣ ከእንግዲህ መሪ ይቅርብዎ" አለው። ከሚቀጥለው ወር መጨረሻ በኋላ ትኬት መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ ደመወዙም በሲሶ ይቀንሳል። የቤታችን የባንክ ዕዳ ግን አይቀንስም። ባንኩ በየወሩ ከደመወዙ ላይ ያንኑ ይቆርጣል። ያ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ለእኔ፣ ለእሱና ለአማቴ ለአሥር ቀን ቀለብ እንኳ አይሆንም። ካልከፈልን ደግሞ ቤቱ ይሄዳል።

ዛሬ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "የቤት ቁጥር?" አለችኝ፤ ስም እንኳ አልጠየቀችም። ሰፈራችን በሙሉ የዚህ ባንክ ባለዕዳ ስለሆነ በበራችን ቁጥር ነው የሚያውቁን። "አሥራ ሁለት" አልኳት። ከወርሃዊው ላይ ትንሽ ትንሽ ትርፍ እየጨመርን ከከፈልንና እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ቀሪው ዕዳ ባንኩ ካሰመረው መስመር በታች ከወረደ፣ ወርሃዊው ክፍያ እንደገና ተሰልቶ ይቀንሳል አለችኝ። የጎደለውንም ነገረችኝ። መንገድ ላይ በመጋረጃ አሰላሁት። መጋረጃ ሰፊ ነኝና ገንዘብ የሚገባኝ በመጋረጃ ነው። ሃያ አራት መጋረጃ።

ሃያ አራት መጋረጃ ምን አላት! እሰፋለሁ።

ረቡዕ 4

የቤቱን ሕግ አወጅኩ። ስኳር ለእንግዳ ብቻ ነው። እንግዳ የለም። አምፖል አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድ ሰው ነቅሎት ይሂድ። ሳሙና ማንም ብቻውን አይጠቀምም።

አማቴ ሻያቸውን ቀመሱና ስኒውን አስቀመጡት። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አሉ።

"ቤት ነው እኮ እማማ፣ ላም አይደለም።"

"እኔ የማየው ስኳር የሌለው ሻይ ነው ልጄ።"

ባለቤቴ ግን "እሺ የኔ እመቤት" አለ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ይኼ ሰው ወዲያው እሺ ያለበት ቀን መልካም ነገር ተከትሎ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ትርፍ አስገባሁ። "ለአሥራ ሁለት ቁጥር ይግባልኝ።" አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ 6

አንድ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን መኪና መንዳት ያስተምራል። ቤቱም ውስጥ የሚያወራው መንገድ ላይ እንዳለ ነው። ስፌት መኪናዬ ግድግዳው ሥር ስለሆነ "ፍሬን! ፍሬን ያዝ ነው የምልህ!" ሲል እግሬ ሳላስበው ከፔዳሉ ላይ ይነሳል። በዚህ ሰውዬ ምክንያት ስንት ስፌት ጠመመብኝ!

ዛሬ ደግሞ የልብስ ማስጫ ገመዱን በኛ መስኮት ብረት ላይ አስሮ፣ የረጠበ ሱሪው ተሰፍቶ ባለቀ መጋረጃ ላይ ሲንጠባጠብ ደረስኩ። መቀስ በእጄ ነበር። ቆረጥኩት። ሱሪው ጭቃ ውስጥ ወደቀ፣ እሱ ወጣ፣ "ፍሬን የለሽ!" ተባባልን።

አሁን ሲመሽ ጸጸተኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ቤቱ በዕጣ ሲታደል የኛ ዕጣ አሥራ አንድ ቁጥር ነበር፣ የነሱ አሥራ ሁለት። አሥራ አንድ መግቢያው ላይ ደረጃ አለው፣ አማቴ ደግሞ ጉልበታቸው አይሆንም። "ኧረ ምን ችግር አለው እማማ፣ እኛ እንወጣዋለን" አለን፤ በዚያው ምሽት አልጋ ሳይዘረጋ ቤት ተለዋወጥን። ወረቀቱን በኋላ እናስተካክላለን ተባባልን። በኋላ እንዳልን አለን።

ያም ሆኖ ሱሪውን በኔ መጋረጃ ላይ ማንጠባጠብ አይችልም።

ሰኞ 9

ሁለት መጋረጃ አደረስኩ። በሩጫ ባንክ። ገባ። እግሬ አብጧል። ስኳር አልቋል። ከጎረቤታችን ከመንጃ አስተማሪው ሚስት በስኒ ተበደርኩ። የከለከልኩት መግዛት ነው፤ መበደር አልከለከልኩም።

ሐሙስ 12

ከባንክ ስመለስ አስተማሪው በር ላይ ጠበቀኝ። ስለ ሱሪው ሊጣላኝ መስሎኝ እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ።

"እህቴ፣ ጉድ ልንገርሽ! ባንኩ ዕዳዬን እየቀነሰልኝ ነው!"

"ማን ነው የሚቀንስልህ?"

"ራሱ ባንኩ! ትርፍ ክፍያ ገብቷል እያለ በስልክ ይልክልኛል። እኔ አላስገባሁ፣ ሚስቴ አላስገባች። በስድስት ዓመት አንድም ወር ሳልከፍል አሳልፌ አላውቅማ፤ ሽልማት ነው። ሕግ አክብሮ የሚነዳ መጨረሻ ላይ ያገኛል። ለተማሪዎቼ ምሳሌ አድርጌ ነገርኳቸው።"

ውስጤ ተቃጠለ። እኛስ መቼ አሳልፈን እናውቃለን? ተመልሼ ባንክ ሄድኩና ልጅቷን "ለጥሩ ከፋይ ሽልማት ትሰጣላችሁ እንዴ?" አልኳት። "ባንክ ሽልማት ሰጥቶ አያውቅም እናቴ" አለችኝ። ስለዚህ ሰውዬው ይዋሻል፣ ወይ ደግሞ እዚያ ውስጥ ዘመድ አለው።

የባለቤቴ ስልክ ግን አንድም ቀን መልእክት አላመጣም። አሮጌ ነው። ቀሪውንም ልጠይቅ አልፈልግም፤ ድስት በየደቂቃው ከተከፈተ አይበስልም።

ማክሰኞ 17

ተአምር ልጻፍ። ባለቤቴ እየወፈረ ነው። ያለ ዘይት፣ ያለ ሥጋ፣ ማታ ማታ እኔ በምቀቅለው ጎመን ብቻ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላላ። በረከት የሚባለው ይኼ ነው እንግዲህ። ሸሚዙ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል፤ አውቶቡስ ላይ ስንት ዓይነት ሰው ይሳፈራል።

አማቴም ደህና ናቸው። ቀን ቀን "ፀሐይ ልሙቅ" ብለው ይወጣሉ። ሲመለሱ ከንፈራቸው ይወዛል።

እሑድ 22

ውርደት! የአስተማሪው ሚስት ትልቅ ሰሃን ወጥና አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ መጣች።

"እትዬ፣ አይክፋዎት። አምፖል ይዘው ከክፍል ክፍል ሲሄዱ በመስኮት እናያለን። ሰው ይቸገራል። እኛ ዘንድሮ እግዚአብሔር ጎብኝቶናል፣ ብቻችንን አንበላም።"

ክው አልኩ። እኔ? ችግረኛ? ሰሃኑን ልመልስላት እጄን ስዘረጋ አማቴ ከኋላዬ መጥተው ተቀበሉት። "ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ያ የትናንቱ አለበት እንዴ?" አሉ። የቱ የትናንቱ? አርጅተዋል፣ ይቀላቅላሉ።

ከጥቅሉ የወጣው ካፖርት ውስጡ ገበር ያለው ነው። የለበስኩት ለመለካት ያህል ነው። አሁንም ለብሼው ነው የምጽፈው፣ ብርድ ነው።

ሐሙስ 26

አስተማሪው የበር ደወል አስገባ። ሲጫኑት ወፍ ይዘምራል። ከጠዋት ጀምሮ ራሱ እየወጣ ራሱ ይጫነዋል።

በግድግዳው ሚስቱ ስትቆጣ ሰማሁ። "ለባንክ ያጠራቀምከውን ለወፍ አወጣኸው?"

"ባንኩ ራሱ ካስገባልኝ እኔ ምን አስጨነቀኝ? ብዪ በደንብ፣ ጎረቤትም አብዪ።"

"ግን ከየት ነው የሚመጣው?"

"ጸጋ አይመረመርም!"

ወፏ እንደገና ዘመረች። ያቺን ወፍ ባገኛት አንገቷን እጠመዝዛለሁ። ሰው በነጻ ዕዳው ይቀልለታል፣ እኔ እዚህ ጣቴን በመርፌ እወጋለሁ። ፈጣሪ ሆይ፣ አድራሻ ተሳስተህ እንዳይሆን።

ሐሙስ 3፣ አዲሱ ወር

እንቅልፍ የለም። አምፖሉ ከኔ ጋር ነው፣ ሌሎቹ ጨለማ ውስጥ ተኝተዋል።

ድሮ ክሩን መርፌ ላይ የሚያስገባልኝ ባለቤቴ ነበር። ከሥራ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ አሥር መርፌ አስገብቶ የመርፌ ትራሷ ላይ ይሰካልኝ ነበር፣ ለነገ ብሎ። ዛሬ ማታ ሞከረ። ክሩን በምራቁ አርጥቦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አየሩን ወጋ ወጋ። "ቀዳዳው ጠበበ" አለ። "ይኼኛው ርካሽ መርፌ ነው፣ ጠባብ ነው" አልኩት። ሁለታችንም መርፌው የድሮው መርፌ መሆኑን እናውቃለን።

ከዚያ "ቤቱ ቢሄድም እኮ አብረን ነው የምንሄደው" አለኝ። ተቆጣሁት። "እኔ የትም አልሄድም! አንተን ይዤ፣ እናትህን ይዤ የማን ደጅ ልቁም?" አልኩ። ጮኼ ተናገርኩት መሰለኝ፣ ከግድግዳው ወዲያ የአስተማሪው ድምፅ ቀጥ አለ።

ፈርቻለሁ። ለማንም አልናገርም፣ ለዚህ ደብተር ግን ፈርቻለሁ። በስኳርና በአምፖል ሰው ሳስጨንቅ የምውለው፣ እጄ ሥራ ካጣ ሐሳብ ስለሚበላኝ ነው።

ዘጠኝ መጋረጃ ይቀራል።

ሰኞ 7

የራሴን መስኮት መጋረጃ አውርጄ ሸጥኩ። አራት። ጋዜጣ ለጠፍኩ። መጋረጃ ሰፊ በጋዜጣ! አማቴ ተኝተው የአየር ጠባይ ያነባሉ። ባንክ። ገባ። ስመለስ አስተማሪው በረንዳው ላይ ይዘፍናል። እኔ ባንክ በሄድኩ ቁጥር ይኼ ሰውዬ ደስ ይለዋል፤ የሚገርም ነው።

ዓርብ 11

አማቴን ያዝኳቸው! አሥራ አንድ ቁጥር ደረጃ ላይ! በእነዚያ "አይሆኑም" በተባሉ ጉልበቶች፣ ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሁለት ሁለት እየዘለሉ ማለት ይቀላል።

"እማማ! ጉልበትዎ!"

"ሽንኩርት ሲጠበስ ይሻለኛል" አሉኝ።

ባለቤቴ እዚያው ገበታ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላም ሊል ብቻ እንደገባ ነገረኝ። ማንኪያ ይዞ ሰላም የሚል ሰው አላየሁም፣ ግን ቸኩዬ ነበር፣ ተውኩት።

ሰኞ 14

አለቀ! ሃያ አራተኛው ገባ! ነገ ሄጄ "ቀሪዬን አሳዩኝ" እላለሁ። የተሻለውን ቀሚሴን ተኮስኩ። ለዛሬ ማታ ሻይ በስኳር ፈቀድኩ፤ አስተማሪው ቤት በስኒ ተበደርኩ።

ማክሰኞ 15

ባንክ ሄድኩ።

ልጅቷን "ወርሃዊውን ቀንሺልን፣ ይኸው የባለቤቴ መታወቂያ" አልኳት። መታወቂያውን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች።

"እናቴ፣ የእርስዎ ዕዳ ከመስመሩ በላይ ነው። ከወርሃዊው ሌላ ምንም አልገባበትም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ከእጄ የተቀበልሽው አንቺው አይደለሽ? ለአሥራ ሁለት ቁጥር!"

"አዎ፣ አሥራ ሁለት ቁጥርማ ከመስመሩ በታች ወርዷል። የባለቤትዎ ዕዳ ግን አሥራ አንድ ላይ ነው።"

"እኔ የምኖረው አሥራ ሁለት ነው!"

"እናቴ፣ ባንኩ የሚያውቀው ዕዳዎን እንጂ መኖሪያዎን አይደለም።"

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጡኝ። ውሃውን እየጠጣሁ ያቺ ወፍ በጆሮዬ ዘመረች። የኔ ወፍ! የኔ ደወል! የኔ ሽንኩርት! "ጸጋው" እኔ ነኝ!

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያለቅሳል ብዬ ስጠጋው ለካ ሳቅ ነው፣ ከወንበሩ ወደቀ። አማቴ ነገሩ ከገባቸው በኋላ ረጋ ብለው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ" አሉ። "የኛውስ ሄዷል። ጎረቤት ገባ እንጂ።"

እኔም ሳቅሁ። ቀጥዬም አለቀስኩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው ሳቁን የተወውና ሁሉንም የተናዘዘው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምሳቸውን እዚያ ነው የሚበሉት፣ እሱም እናቱም። "እሺ" ያለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው፣ ልጅቷ እንዳለችኝ፣ አንድ ነው። የገባ ብር አይመለስም። ሁለቱ አባወራዎች ተስማምተው ከፈረሙ ግን ወረቀቱ እንደ አኗኗራችን ይስተካከላል፤ አሥራ ሁለት ከነዕዳው የኛ፣ አሥራ አንድ ከነዕዳው የነሱ። ያ ማለት አስተማሪው የቀለለውን ዕዳ ለኛ ሰጥቶ የከበደውን ይወስዳል። አልፈርምም ቢል ሕጉ ከሱ ጋር ነው።

ገመዱን የቆረጥኩበት ሰውዬ።

ረቡዕ 16

ደረጃውን ወጣሁ። ደወሉን ተጫንኩ። ወፏ ዘመረች፣ ጥርሴን ነከስኩ።

"ወንድሜ" አልኩት። ስቸገር ወንድሜ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ያ ጆሮ የሚበጥስ ሰውዬ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ጠቆረ።

"ሽልማት አልነበረም?" አለ፣ በሹክሹክታ።

"አልነበረም።"

"ለተማሪዎቼ ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ።"

ሚስቱ "እኔ ብዬ ነበር" አለች። እሱ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ 18

ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ። ፍሬን የለም፣ ወፍ የለም። ስፌቴ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አስጠላኝ። አማቴ ፀሐይ አልሞቁም። ባለቤቴ ቀበቶውን አጠበቀ።

ይፈርማል? እኔ ብሆን እፈርም ነበር? እዚህ ላይ ውሸት አልጽፍም። አንድ ሳምንት አስለምን ነበር።

እሑድ 20

መጣ። በእጁ አዲስ የልብስ ገመድ ይዟል። ቆሞ፣ ለተማሪ እንደሚናገር ጮኸ፤ ጩኸቱን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"እህቴ፣ እፈርማለሁ። አራት ሌሊት ያልተኛሁት ለብሩ አይደለም፣ ለእፍረቱ ነው። የሰው ላብ በልቼ ጎበዝ ነኝ ስል ከረምኩ።"

"የበላኸውን አብልተኸናል" አለው ባለቤቴ። "እኔን እየኝ እስቲ፣ ሆዴን።"

"ሦስት ነገር ግን አለ። ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ። ገመዴ መስኮትሽ ላይ ይታሰር። ሚስቴ ደግሞ ስኳሯን ትላለች።"

"ስንት ስኒ ነው?"

ሚስቱ ከደረጃው ላይ ሆና "መቁጠር ትተናል እትዬ!" አለች።

ተቃቀፍን። አማቴ ዱላቸውን አንስተው "እንግዲህ ሰላም ከወረደ፣ ምሳ ምንድን ነው?" አሉ።

ሰኞ 21

ፈረሙ። ባለቤቴ የመፈረሚያውን መስመር ማየት አልቻለም፤ አስተማሪው ጣቱን ይዞ አሳየው፣ "ቀስ፣ ወደ ቀኝ፣ ቁም!" እያለ። ልጅቷ ማኅተሙን መታች። ወርሃዊው ቀነሰ። ቤቱ አይሄድም። አይሄድም! ደግሜ ጻፍኩት።

ረቡዕ 30

ባለቤቴ ነገ ትኬት መስኮት ላይ ይቀመጣል። አምፖሎቹ ሁሉ ቦታቸው ገቡ፤ አማቴ "ዓይኔን ወጋኝ" ብለው ተቆጡ። ስኳሩን ሞልቼ መለስኩ። ካፖርቱን ግን አልመለስኩም።

ዛሬ አንድ መጋረጃ አስረክቤ ብሩን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ልጅቷ ገና ከሩቅ ስታየኝ "አሥራ ሁለት ቁጥር አይደል? አሁን ትክክል ነው፣ አይስጉ" አለችኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ስንት ምሳ ነው ያበሉልኝ? ስድስት ሳምንት፣ ሁለት ሰው።

"ለአሥራ አንድ ቁጥር ይግባልኝ" አልኳት።

ቤት ገብቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ክር አስገባሁ፣ እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግኩ፣ ጠበቅሁ። ስልክ ጮኸ፣ ከግድግዳው ወዲያ።

"ሴትዮ! ነይ ቶሎ! አላልኩሽም? ባንኩ እኮ ይወደኛል!"

እግሬ ከፔዳሉ ላይ ተነሳ፣ ስፌቱ ጠመመ። ባለቤቴ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀኝ። "ምንም" አልኩት።